ማዳቀሉ ላይ የሚተጋው ሁሉ ምጡ ላይ የት ነው?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

በ2015 ዓ.ም. የሌማት ትሩፋት ከተጀመረ ወዲህ ስለ ወተት ልማት በተወራ ቁጥር የሚነገረው ስንት ላም ተዳቀለ የሚለው ነው። ከዘጠኝ ወር በኋላ ስንቱ ጥጃ ቆሞ ጠባ ብሎ የሚጠይቅ ግን አይገኝም። ከደብረ ብርሃን እስከ መንዝ ባለው ደጋ በመውለጃ ሰሞን አርሶ አደሩን የሚያከስረው ስም ያለው ወረርሽኝ ብቻ አይደለም፤ የመጀመሪያዋ ቀን ናት። አብዛኛው ጉዳት ደግሞ በሳሙና፣ በገመድ፣ በአዮዲንና በእንገር የሚመለስ ነው።

ነገሩ ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ገና ስትጠቃ፣ ማለትም ስትዳቀል ነው። ትንሽ የአገር ጊደር ሆልስታይን በተባለው ግዙፍ የውጭ የወተት ላም ዘር ስትዳቀል ጥጃው ከዳሌዋ ይበልጣል። ለመጀመሪያ ወላድ የጀርሲ ዘር ይሻላል፤ ጥጃው ትንሽ ነው፣ በቀላሉ ይወጣል። ክብደቷ ከእናቷ 60 በመቶ ያልሞላ ጊደር ጨርሶ ባትጠቃ ይመረጣል። ይህን አዳቃዩ ቴክኒሻን ከማንም በላይ ያውቀዋል፤ ቸግሮት ይሁን ቸኩሎ ግን በእጁ የተገኘውን ዘር ይሰጣል።

ወደ ምጡ እንምጣ። ጊደር ከሆነች ከመቁነጥነጥ እስከ ሽርት ውሃ ድረስ ብዙ ሰዓት ሊፈጅባት ይችላል፤ ይህ ብቻውን አያስደነግጥም። የሽርት ውሃው ከታየ በኋላ አንድ ሰዓት ሙሉ እያማጠች ለውጥ ከሌለ ግን መመርመር አለባት። ጥፍር ይቆረጥ፣ እጅ እስከ ክንድ በሳሙና ይታጠብ፣ ጓንት ይደረግ፣ የምግብ ዘይት በብዛት ይቀባ። ደረቅ እጅ ማህፀንን ይልጣል።

ትክክለኛው አመጣጥ ሁለት የፊት እግሮች ሰኮናቸው ወደ መሬት ዞሮ፣ አፍንጫም በላያቸው ተኝቶ ነው። ሰኮናው ወደ ላይ ከዞረ ምናልባት የኋላ እግር ነው። ለመለየት ከሰኮናው ወደ ላይ ሁለት መገጣጠሚያ ይዳሰሳል፦ ሁለቱም ወደ አንድ አቅጣጫ ከታጠፉ የፊት እግር ነው፤ ሁለተኛው በተቃራኒው ታጥፎ ሹል ቋንጃ ከተገኘ የኋላ ነው። በኋላው የሚመጣ ጥጃ ዳሌው ከወጣ ወዲህ መዘግየት የለበትም፤ እትብቱ በእናቱ የዳሌ አጥንት ስለሚጨፈለቅ ጭንቅላቱ ውስጥ ሳለ ይታፈናል።

አንገቱ ወደ ጎን የዞረን ጥጃ እግሩን ብቻ በመጎተት ማውጣት አይቻልም። ምጡ ጋብ ባለ ቁጥር ጥጃውን ወደ ውስጥ ገፍቶ፣ አገጩን ጨብጦ ራሱን ማቅናት ያስፈልጋል። ሩብ ሰዓት ተሞክሮ ካልሆነ ሐኪም ይጠራ፤ ከዚያ በኋላ የሚደረገው ሁሉ ማህፀን መቅደድ ነው።

አጎታተቱ ራሱን የቻለ ሙያ ነው። የጣት ውፍረት ያለው ለስላሳ ገመድ ተቀቅሎ ይቀርባል። አንዱ ቀለበት ከቁርጭምጭሚቱ በላይ፣ ሁለተኛው ከበታቹ ይታሰራል፤ በአንድ ቀለበት ብቻ ከተያዘ ጉልበቱ አንድ ቦታ ላይ አርፎ አጥንት ይሰብራል። ስታምጥ ይጎተታል፣ ስታርፍ ይታረፋል። እግሮቹ ተራ በተራ ቢሳቡ ትከሻዎቹ አንድ በአንድ ያልፋሉ። ጭንቅላቱ እስኪወጣ ቀጥ ተደርጎ፣ ከዚያ ወደ ላሚቱ ቋንጃ ወደ ታች ይሳባል። ከሁለት ሰው በላይ አያስፈልግም። ጎረቤት ተጠራርቶ አምስት ጎልማሳ በአንድ ገመድ የሚጎትትበት ልማድ ደግነት ነው፤ ነገር ግን ዳሌ ውስጥ ያለው ነርቭ ተጎድቶ ላሚቱ መነሳት ሲያቅታት ደግነቱ ለእርድ ይሆናል።

የወጣው ጥጃ በኋላ እግሩ ተይዞ አይንጠልጠል። የሚፈሰው ውሃ በአብዛኛው የሆድ ነው፤ አንጀቱ ደግሞ ወርዶ ሳንባውን ይጫናል። በደረቱ አስቀምጦ አፍና አፍንጫውን መጥረግ፣ በጭድ ስንጥር አፍንጫውን መኮርኮር፣ ሰውነቱን በደረቅ ጭድ አጥብቆ ማሸት ይበቃል። እትብቱ 7 በመቶ አዮዲን ባለበት ኩባያ ውስጥ ይነከር። እበትም ጭቃም አይነካው።

ከሁሉ የሚያናድደን የእንገሩ ነገር ነው። የእንግዴ ልጁ ሳይወርድ ጥጃው አይጠባም የሚባልበት ቤት ዛሬም አለ። ጥጃ በእናቱ ማህፀን ሳለ የበሽታ መከላከያ አያገኝም፤ የሚያገኘው ከእንገር ብቻ ነው። አንጀቱ ያንን የሚቀበልበት በር ደግሞ ከየሰዓቱ እየጠበበ በ24 ሰዓት ይዘጋል። 25 ኪሎ የሚመዝን ጥጃ በመጀመሪያዎቹ 6 ሰዓታት 2.5 ሊትር ሊጠጣ ይገባል። መጥባቱ ራሱ ማህፀኑን ስለሚያኮማትር የእንግዴ ልጁን ያወርዳል እንጂ አይከለክልም። እንገር ለቤተሰብም እንደሚጣፍጥ እናውቃለን፤ ጥጃው ጠግቦ የተረፈው ይቀቀል።

የእንግዴ ልጁ በ12 ሰዓት ውስጥ ካልወረደ ዘግይቷል ይባላል። ድንጋይ ወይም አሮጌ ጫማ ማንጠልጠል ማህፀን ይቀድዳል፣ አንዳንዴም ይገለብጣል። የተንጠለጠለውን እስከ ቋንጃዋ ድረስ አሳጥሮ መቁረጥና ሙቀቷን በየቀኑ መለካት ነው። ከ39.5 ዲግሪ ካለፈ ወይም ከታመመች ሐኪም መድኃኒት ይሰጣት። በእርግዝናዋ መገባደጃ ላይ ያስወረደች ላም ከሆነች ብሩሴሎሲስ የተባለው ወደ ሰውም የሚተላለፍ የውርጃ በሽታ ጥርጣሬ ስላለ ማንም በባዶ እጁ አይንካ፤ ጽንሱ ከነእንግዴ ልጁ ውሻ በማይደርስበት ጥልቀት ይቀበር፣ ወተቱም ሳይፈላ አይጠጣ።

በወለደች በ3 ቀን ውስጥ ጆሮዋ ቀዝቅዞ፣ አንገቷን ወደ ጎኗ አዙራ የተኛች ዲቃላ ላም ደግሞ ካልሲየም አንሷት ነው። መድኃኒቱ በደም ሥር ቀስ ተብሎ፣ ልቧ እየተደመጠ ይሰጣል። በአፏ ምንም እንዳይጨመር፤ መዋጥ ስለማትችል ወደ ሳንባ ይገባል።

በጉ ላይ ትልቁ ጠላት ብርድ ነው። የመንዝ በግ ዓመቱን ሙሉ ይወልዳል፤ ከጥቅምት እስከ ጥር የሚወለደው ግልገል ግን 2 ኪሎ ገደማ በሆነ ሰውነቱ፣ ገና ሳይደርቅ፣ ውርጩን ይቀበላል። ፈዞ የተኛ ግልገል ሲገኝ ሁሉም የሚያደርገው አንድ ነገር ነው፦ እሳት ዳር ማስቀመጥ። ይህ አንዳንዱን ያድናል፣ አንዳንዱን ይገድላል። ልዩነቱ ዕድሜውና ሙቀቱ ነው። የጤነኛ ግልገል ሙቀት ከ39 እስከ 40 ዲግሪ ነው። ከ37 እስከ 39 ከሆነ አድርቆ እንገር ማጠጣት በቂ ነው። ከ37 በታች ሆኖ ዕድሜው ከ5 ሰዓት ካነሰ ገላው ውስጥ ገና ስብ ስላለ መጀመሪያ ይሙቅ፣ ከዚያ ይጠጣ። ከ5 ሰዓት ያለፈው ግን ስንቁን ጨርሷል። ሳይበላ ከሞቀ ደሙ ውስጥ የቀረችው ስኳር ታልቅና እየተንፈራገጠ ይሞታል። ለእሱ ከመሞቁ በፊት 20 በመቶ ግሉኮስ፣ በኪሎ 10 ሚሊ ሊትር፣ በገላ ሙቀት ተለክቶ ሆዱ ውስጥ በመርፌ ይሰጣል። 40 በመቶው ብቻ ከተገኘ ፈልቶ ለብ ባለ ውሃ እኩል ይደባለቃል። መርፌው የሚገባበትን ቦታ አንድ ጊዜ ባለሙያ ሊያሳይ ግድ ነው። ራሱን ቀና ማድረግ ለማይችል ግልገል ደግሞ በጡጦም በቱቦም እንዳይሰጥ፤ ይታነቃል።

ለ2 ኪሎ ግልገል በአንድ ጊዜ 100፣ በቀን 400 ሚሊ ሊትር እንገር ያስፈልጋል። እናቲቱ ይህን የምትሰጠው ግን በልታ ከሆነ ነው። ጽንሱ አብዛኛውን ክብደቱን የሚያገኘው በመጨረሻዎቹ 6 ሳምንታት ነው፤ በዚያ ጊዜ የስንዴ ፉርሽካና የኑግ ፋጉሎ ተደባልቆ በቀን 300 ግራም ቢጨመርላት ግልገሉም ጠንካራ ይሆናል፣ ጡቷም ይሞላል። መንታ ያረገዘችው ካልተጨመረላት መብላት ትታ፣ ዓይኗ እንደማያይ ሆኖ ትደነባበራለች፤ ከዚያ መመለስ ከባድ ነው።

ተቅማጥ የያዘው ጥጃ ወተት አይከልከል። በአንድ ሊትር የፈላ ውሃ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ተበጥብጦ፣ ለብ ሲል፣ ከወተቱ ለየት ባለ ሰዓት በቀን ሁለቴ ሁለት ሁለት ሊትር ይሰጠው። የሚገድለው ተቅማጡ ሳይሆን ድርቀቱ ነው።

ከሚመለከታቸው የምንጠይቀው ትንሽ ነው። ላም ሲዳቀል የዘሩ ዓይነትና ከ280 ቀን በኋላ የሚውለው የመውለጃዋ ቀን ለባለቤቱ በጽሑፍ ይሰጠው። የቀበሌ እንስሳት ጤና ኬላዎች ከጥቅምት እስከ ጥር ቴርሞሜትር፣ አዮዲን፣ ግሉኮስና ካልሲየም እንዳያጡ፤ ምጥ ቅዳሜና እሁድ አይልምና በፈረቃ የሚያነሳ ስልክ ይኑር።

በሰሜን ሸዋ ደጋ የሚሠሩ የእንስሳት ጤና ባለሙያዎች