ከንቲባ ለማን ይጠየቃል? አቤቱታችንስ የት ይግባ?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

የአዲስ አበባ ነዋሪ መብራት ሲጠፋበትም፣ ካርታው ሲዘገይበትም፣ ቱቦ ሲደፈንበትም እሮሮው የሚያርፈው ከንቲባው ላይ ነው። ሥልጣኑ ትልቅ መሆኑ አይካድም። የት ተጀምሮ የት እንደሚያበቃ ሳይለዩ ማመልከት ግን ባለጉዳዩን ያለ ውጤት ያመላልሳል፤ በእርግጥ መጠየቅ ያለበትም መሥሪያ ቤት ሳይጠየቅ ይቀራል።

ከተማዋ የምትተዳደረው በ1995 ዓ.ም. በወጣው ቻርተር፣ ማለትም በአዋጅ ቁጥር 361 እና በማሻሻያዎቹ ነው። ነዋሪው የሚመርጠው የምክር ቤት አባላትን ነው፤ ከንቲባውን የሚመርጠው ምክር ቤቱ ነው። በ2010 የተሾሙት ኢንጂነር ታከለ ኡማም ሆኑ እሳቸውን የተኩት ወ/ሮ አዳነች አቤቤ ከተማዋን እየመሩ «ምክትል ከንቲባ» ይባሉ የነበረው የምክር ቤት አባል ስላልነበሩ ነው። ወ/ሮ አዳነች ከንቲባ የተባሉት ከ2013ቱ ምርጫ በኋላ፣ በመስከረም 2014 ምክር ቤቱ ሲመርጣቸው ነው። ዋሽንግተን ዲሲ ያሉ ወገኖቻችን ከንቲባቸውን በቀጥታ ድምፅ ስለሚመርጡ ይህን ልዩነት ቶሎ ያስተውሉታል።

ስለዚህ ከንቲባው በቅድሚያ የሚጠየቀው ለ138ቱ የምክር ቤት አባላት ነው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 49 መሠረት ደግሞ የከተማው አስተዳደር ተጠሪነቱ ለፌዴራሉ መንግሥት ነው። መብራት፣ ቴሌና የፋይዳ መታወቂያ የፌዴራል ተቋማት ሥራ ናቸው፤ ከንቲባው ሊያሳስብ እንጂ ሊያዝ አይችልም። ውሃና ፍሳሽ፣ የከተማው መንገድ፣ የይዞታ ጉዳይ፣ የቀበሌ ቤትና ኮንዶሚኒየም ግን በቀጥታ በከተማው አስተዳደር ሥር ናቸው። በእነዚህ «የእኛ ጉዳይ አይደለም» የሚል መልስ ተቀባይነት የለውም።

የሰፈር ጎርፍ መውረጃን እንውሰድ። ሰው ቱቦው መደፈኑን የሚያስታውሰው በሐምሌ፣ ውሃ ቤቱ ሲገባ ነው። የበጀት ዓመቱ የሚጀምረው ግን ሐምሌ 1 ነው፤ የዓመቱ ዕቅድ ከዚያ በፊት ባሉት ወራት ተሠርቶ አልቋል። ጠረጋ በክረምትም ሊሠራ ይችላል፤ አዲስ ቱቦ መቅበር ግን ዕቅድ ውስጥ ካልገባ ለሚቀጥለው ዓመት ያድራል። ጥያቄው በበጋው አጋማሽ መግባት አለበት።

አገባቡም ወሳኝ ነው። ብዙ ሰው ማመልከቻውን ቀጥታ «ለከንቲባ ጽሕፈት ቤት» ይጽፋል። ደብዳቤው ወደ ክፍለ ከተማ ይመራል፣ ክፍለ ከተማው ወደ ወረዳ ይመራዋል፤ በመጨረሻም አቤቱታ የቀረበበት ኃላፊ ጠረጴዛ ላይ ያርፋል። ማመልከቻው መጀመሪያ የመወሰን ሥልጣን ላለው መሥሪያ ቤት ይጻፍ፤ ወረዳው፣ የቤት ቁጥሩና ፎቶው ይያያዙበት። መዝገብ ቤት ሲገባ በራስ ቅጂ ላይ ቀንና ማኅተም ማስመታት፣ የገቢ ቁጥሩንም መያዝ ያስፈልጋል። ያለዚህ «አልደረሰንም» ቢባል መከራከሪያ አይኖርም። ግልባጩ ለአካባቢው የምክር ቤት ተወካይ ይድረስ፤ አስፈጻሚውን ጠርቶ የመጠየቅ ሥልጣን ያለው ምክር ቤቱና ቋሚ ኮሚቴዎቹ ናቸውና።

ብዙ ጉዳይ የሚሞተው በቃል መልስ ነው። «ሰኞ ተመለስ» የሚለውን ይግባኝ ሊሉበት አይቻልም። የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 በአዲስ አበባና በድሬዳዋ አስተዳደሮችም ላይ ይሠራል፤ ውሳኔ በጽሑፍና ከነምክንያቱ እንዲሰጥ ያስገድዳል። ባለጉዳዩ ይህንኑ አዋጅ ማመልከቻው ላይ ቢጠቅስ ይበጀዋል። ውሳኔው ካላረካው በተቋሙ ቅሬታ ሰሚ በኩል ያልፋል፤ ከዚያ በኋላ ለፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ማቅረብ ይችላል። የተቋሙን የቅሬታ ሥርዓት ዘሎ ፍርድ ቤት የሄደ ሰው መዝገቡ ሊዘጋበት ይችላል። ጠበቃ የመቅጠር አቅም የሌለው ሰው ወደ እንባ ጠባቂ ተቋም መሄድ ይችላል፤ ተቋሙ የሚሰጠው የመፍትሔ ሐሳብ ግን የፍርድ ያህል ኃይል የለውም።

በ2013ቱ ምርጫ የምክር ቤቱን ወንበሮች በሙሉ የያዘው አንድ ፓርቲ ነው። እንዲህ ባለ ምክር ቤት ጠያቂና ተጠያቂ የአንድ ቤት ሰዎች ስለሆኑ ከነዋሪው በጽሑፍ የሚመጣ ጥያቄ ክብደቱ ይጨምራል። ነዋሪው ግን ወኪሉ ማን እንደሆነ፣ የት እንደሚያገኘው አያውቅም። ጋዜጣችሁ የየምርጫ ክልሉን የከተማ ምክር ቤት አባላት ስም፣ ያሉበትን ቋሚ ኮሚቴና ሕዝብ የሚያነጋግሩበትን ቀን ቢያትምልን በእጅጉ እናመሰግናለን።

ከአክብሮት ጋር
የከተማ አስተዳደር ባለሙያዎች፣ ከአዲስ አበባ