ስለ ቋሚ ቅጥሩ ጉዳይ ለአባላት

ሰላም ውድ ባልደረቦች፣

መሥሪያ ቤታችን ቋሚ ሠራተኞችን ከውጭ መቅጠሩን ሰምታችኋል። ማሽኑን የሚያለማምዷቸው ግን «ጊዜያዊ» የተባሉት የእኛው ልጆች ናቸው። ይሄ በጣም ያማል፤ ዝም ብለን አናልፈውም።

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከእኛ ጋር ነው። አንቀጽ 9 ማንኛውም የሥራ ውል ላልተወሰነ ጊዜ እንደተደረገ ይቆጠራል ይላል። የተለዩት አንቀጽ 10 የዘረዘራቸው ብቻ ናቸው፦ የወቅት ሥራ፣ ለጊዜው የቀረ ሠራተኛን መተካት፣ ከወትሮው የበዛ ሥራና የመሳሰሉት። ታዲያ ዓመቱን ሙሉ በሽፍት የሚሠራ ሰው የትኛው ውስጥ ይገባል? ወረቀቱ ላይ «ጊዜያዊ» ተብሎ መጻፉ ብቻውን አይበቃም። የሚታየው የሥራው ጠባይ ነው። በተለይ ውላችሁ እየታደሰ የቆያችሁ፣ ይሄን ልብ በሉ።

የውላችሁን ኮፒ፣ የደመወዝ ወረቀታችሁንና የመሥሪያ ቤት መታወቂያችሁን አሰባስቡ። የተሰናበታችሁ ደግሞ አትዘግዩ፤ ወደ ሥራ የመመለስ ጥያቄ በ3 ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል፤ ማለትም ጊዜው አልፏል ተብሎ ውድቅ ይሆናል።

አዲስ የገቡትን ልጆች ግን አደራ፣ ፊት አትንሷቸው። እነሱም እንጀራ ፍለጋ ነው የመጡት።

እሁድ አመሻሽ ላይ፣ ሙቀቱ በረድ ሲል፣ ድሬዳዋ ሳቢያን ሰፈር እንገናኝ። ቦታውን የየሽፍታችሁ ተጠሪዎች ይነግሯችኋል።