የዘጌን ሥዕል ዓመተ ምሕረቱን ብቻ አትንገሩን

ለዝግጅት ክፍሉ፣ ጤና ይስጥልኝ።

ባለፈው ስለ ሥነ ጥበብ ታሪክ ትምህርት ያወጣችሁት ጽሑፍ አሪፍ ነው ግን ፍልስፍናው የታለ? ማን ሣለው፣ መቼ፣ በየትኛው ንጉሥ፣ በቃ አለቀ። እንደዛማ ከሆነ የእድር ስም ጥሪ ነው እንጂ ምኑ ትምህርት ይባላል።

ጣና ዳር ዘጌ ያለው ዑራ ኪዳነ ምሕረት ቤተ ክርስቲያን የገባ ሰው ያውቀዋል፣ የመቅደሱ ግድግዳ ዙሪያውን ጨርቅ ተለጥፎበት የተሣለ ሥዕል ነው። ጻድቁ ፊት ለፊት በሁለት ዓይኑ ያይሃል፣ ክፉው ግን በጎን ነው የሚሣለው፣ አንድ ዓይኑ ብቻ ነው የሚታየው። አስጎብኚው ይህን ይነግርሃል፣ ቱሪስቱ ፎቶ ያነሳና ውልቅ ይላል። ግን እኮ ሠዓሊው የሣለው የሰውየውን መልክ ሳይሆን ሥራውን ነው! የግሪኩ ፈላስፋ ፕላቶ ሠዓሊን ያጣጣለው የቅጂ ቅጂ ነው የሚሠራው፣ መልክ ይገለብጣል ብሎ ነው፣ የኛው ደግሞ ከመነሻው መልክ ልገልብጥ አላለም፣ ታዲያ የፕላቶ ክስ እሱን ይመለከተዋል ወይስ አይመለከተውም? እንዲህ ያለ ነገር ክላስ ውስጥ ቢነሳ ማን ያንቀላፋል።

ሌላው ቅኔው ነው (ጎጃሜ ስለሆንክ ነው ብትሉኝም ግድ የለም)። የጎጃሞቹ ቅኔ ቤቶች፣ ዋሸራም ሆነ ጎንጅ፣ ተማሪው ቅኔ ቆጥሮ (ደርሶ ማለት ነው) ለነገራ፣ ማለትም ለመምህሩ ሊያሰማ ሲቀርብ የሌላ ሰው ቅኔ ይዞ ቢመጣ መሳቂያ ነው የሚሆነው፣ አዲስ መሆን አለበት። የዛው ደብር ሠዓሊ ግን የአባቶቹን አሣሣል ከለቀቀ ይወቀሳል። አንድ ቅጥር ግቢ ውስጥ ሁለት ሕግ ማለት ነው። ጀርመናዊው ፈላስፋ ካንት እ.ኤ.አ. በ1790 ባሳተመው መጽሐፉ ጥበብ የሊቅ (ልዩ ተሰጥዖ ያለው ሰው) ሥራ ነው፣ ሊቅ ደግሞ አይኮርጅም ይላል፣ በሱ ሚዛን ባለቅኔው ያልፋል ሠዓሊው ይወድቃል። እኔ በበኩሌ አልዋጥልህ ብሎኛል፣ ምክንያቱም በዐፄ ዘርአ ያዕቆብ ዘመን የነበረው ሠዓሊ ፍሬ ጽዮን ያችኑ የምናውቃትን ምስለ ፍቁር ወልዳ (እመቤታችን ልጇን ታቅፋ) ነው የሣለው፣ ግን ስሙ የተጻፈባትን የጣናዋን የዳጋ እስጢፋኖስ ገዳም ሥዕል አንዴ ካየህ እጁን ከሌላው ትለየዋለህ። አዲስ ነገር ሳይፈጥሩ የራስ መሆን እንዴት ይቻላል፣ ይሄ ነው ጥያቄው፣ ዓመተ ምሕረት ብቻ ቆጥረህ አትመልሰውም።

ስለዚህ አንድ የቅኔ መምህርና አንድ የፍልስፍና መምህር አገናኝታችሁ ስለ ውበት አከራክሯቸውና አትሙልን፣ የዛን ቀን እኔ ሁለት ጋዜጣ ነው የምገዛው።

አንባቢያችሁ፣ ከባሕር ዳር