እቱዬ፣ ስልክሽን አይቼው ነበር

ድሬዳዋ፣ ነሐሴ

እቱዬ፣

እንዴት ነሽ? ሕፃኗስ? ዘጠኝ ወር ሞላት አይደል? እናትሽን ቀፊራ አግኝቻቸው ዳዴ ማለት ጀምራለች አሉኝ። እኔ ግን ገንፎሽን አልበላሁም፤ በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ስትነሳም አልነበርኩም። ሐረር ደግሞ ባሕር ማዶ አይደለም፤ ደንገጎን ወጥቶ አንድ ሰዓት መንገድ ነው። ይቅርታ አድርጊልኝ። እዚህ ላይ ከቆየሁ ማልቀሴ ነውና ልለፈው።

አንድ ነገር ግን ልናዘዝ። ሰኔ ላይ፣ ሐሙስ ቀን ደውለሽልኝ ነበር። አይቼዋለሁ። ስምሽ ሲበራ አየሁት፤ ስልኩ እጄ ሥር ነበር። አንስቼ ገለበጥኩትና ጠረጴዛው ላይ ደፋሁት። እየተንቀጠቀጠ፣ እየተንፏቀቀ ካልኩሌተሩ ጋ ደረሰና ዝም አለ። ጠልቼሽ አይደለም እቱ። "እንዴት ነሽ?" ብትዪኝ የምመልስልሽ ስላልነበረኝ ነው።

ሰኔ 30 ትዝ ይልሻል? ያንን ልጅ ዓመቱን ሙሉ "ሰኔ ሠላሳ እንገናኛለን!" ስትዪው ከርመሽ፣ ካርድ የተቀበልን ዕለት ጫማሽን አውልቀሽ በእጅሽ ይዘሽ የትምህርት ቤቱ በር ላይ የቆምሽው? እሱ በአጥር ዘሎ አመለጠ፣ አንቺ እስከ ማታ አልነቃነቅም አልሽ። (ባልሽ ይህን ያውቃል? ካላወቀ እኔ ነኝ የምነግረው።) አሁን ሰኔ 30 ለእኔ የበጀት ዓመት መዝጊያ ናት፤ ገና ግንቦት ሲገባ ሆዴን ይቆርጠኝ ጀመር።

አብራኝ የምትሠራው ልጅ አምና ለቃ በቦታዋ ሰው አልተቀጠረም። የእሷ ፋይል ቀስ እያለ ወደ እኔ ጠረጴዛ መጣ። ማንም "ያዢው" አላለኝም፣ እኔም "አልችልም" አላልኩም። ጠዋት 2 ሰዓት እገባለሁ፣ ማታ 1 ሰዓት እወጣለሁ፣ ምሳዬን እዚያው ወረቀት ላይ እበላለሁ፣ ቅዳሜም እንደዚያው። ቤት ስገባ የቢሮው የቴሌግራም ግሩፕ ይጮኻል። ባልደረቦቼ በጫት ያመሻሉ፣ እኔ በቡና። ሌሊት ጣሪያ ሳይ አነጋለሁ። መጀመሪያ ሙቀቱ ነው ብዬ ነበር፤ የድሬን ሰኔ ታውቂዋለሽ።

አንድ ቀን አንዲት ደረሰኝ ፒችትሪ ላይ፣ የሒሳብ ፕሮግራማችን ላይ፣ ማስገባት አቃተኝ። የስኳር ደረሰኝ ናት፣ ተራ ነገር። ቁጥሩን አነበዋለሁ፣ ኪቦርዱ ጋ ስደርስ ይጠፋኛል። ተመልሼ አነበዋለሁ፣ ይጠፋኛል። በግራ ጣቴ ቁጥሩን ተጭኜ በቀኝ ልጽፍ ሞከርኩ። ጣቴ ይንቀጠቀጣል። ሰባት ዓመት የሠራሁት ሥራ እኮ ነው! ከዚያ ደረቴን ጨመቀኝ፣ እጄ በዚያ ሙቀት በረዶ ሆነ። ልቤ ቆመች ብዬ በባጃጅ ሆስፒታል ከነፍኩ።

ልቤ ደህና ናት። ሐኪሟ ውጤቱን አየችና ወረቀቱን አስቀምጣ "በቀን ስንት ሰዓት ትሠሪያለሽ?" አለችኝ። 11። "በሳምንት ስንት ቀን?" ስድስት። 66 ሰዓት። የሰው ሁሉ ደመወዝና ሰዓት የማሰላው እኔ ነኝ፣ የራሴን ደምሬው አላውቅም ነበር። በሳምንት 55 ሰዓትና ከዚያ በላይ የሚሠራ ሰው ከ35 እስከ 40 ሰዓት ከሚሠራው ይልቅ በስትሮክ የመመታት አደጋው 35 በመቶ ገደማ ይጨምራል አለችኝ፤ የዓለም ጤና ድርጅትና የዓለም የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ያወጡት ነው። አባቴን በምን እንዳጣሁት ታውቂያለሽ። ሌላ የሰማሁትን አላስታውስም።

ወደ አእምሮ ሕክምና ክፍል ጻፈችልኝ። ወረቀቱ ሁለት ሳምንት ቦርሳዬ ውስጥ ታጥፎ ከረመ። ድሬ እኮ ናት! ባጃጅ ነጂው ሳይቀር የማን ልጅ እንደሆንሽ ያውቃል። "የእነ እገሌ ልጅ አበደች" ሲባል በጆሮዬ ይሰማኝ ነበር። እማዬ ደግሞ "ዓይን ነው፣ ጠበል እንሂድ" አለች። ሄድኩላት። በኋላ ግን ቀጠሮውንም ሄድኩ፤ ነጠላዬን እስከ አፍንጫዬ ስቤ አግዳሚው ጥግ ተቀመጥኩ። አጠገቤ ሸሚዙን የተኮሰ ወጣት ልጅ አለ። የመሥሪያ ቤት ባጁን አንገቱ ላይ ገልብጦታል፣ ስሙ እንዳይነበብ። ስልኩን የገለበጥኩባት ቀን ትዝ አለችኝና ነጠላዬን ከፊቴ አወረድኩት። ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ብቻ አወረድኩት።

ያነጋገረኝ ባለሙያ ጠበሉን ቀጥይ፣ ቀጠሮሽን ግን አትቅሪ አለኝ። በርን አውት የሚባለው ነው አለ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 በሥራ ምክንያት የሚመጣ ነገር ብሎ መዝግቦታል፤ በሽታ ብሎ ግን አይደለም። ሰው ይዝላል፣ ሥራውን እየጠላው ከሥራው ይርቃል፣ ከዚያ "እኔ የማልረባ ነኝ" ይላል። ሦስተኛው ላይ ሲደርስ ጉሮሮዬን አነቀኝ። ዓመቱን ሙሉ ለራሴ ስለው የከረምኩት ያንን ነበርና። ሰነፍኩ ብዬ ነበር እቱ። ሰነፍኩ ብዬ ጨምሬ እሠራ ነበር።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁንም አወረድኩና አነበብኩት፣ 1156/2011ን። መደበኛው የሥራ ሰዓት በቀን 8፣ በሳምንት 48 ነው። ትርፍ ሰዓት በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 አይበልጥም። ቢጠራቀም ቢጠራቀም 60። እኔ 66 ነበርኩ፣ ያውም የትርፍ ሰዓት ክፍያ ሳላይ። የዓመት ፈቃድ ለመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን ነው፣ ከዚያ በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ይጨመራል። የእኔ 19 ደርሷል። ጠየቅኩና ወሰድኩ። በሰባት ዓመት ሙሉውን ስወስድ ይህ የመጀመሪያዬ ነው፣ ታምኛለሽ?

የመጀመሪያዎቹን ቀናት ተኛሁ። ዝም ብዬ ተኛሁ። ግሩፑን ድምፁን አጠፋሁት። ከዚያ ጠዋት 12 ሰዓት፣ ፀሐይዋ ሳትበረታ፣ ከዚራ ሰፈር፣ ዛፎቹ ሥር መራመድ ጀመርኩ። ደቻቱ ድልድይ ላይ ቆሜ ሌሊት የወረደው ጎርፍ የተወውን ደለል አያለሁ። እንቅልፌ እየተመለሰ ነው። ባለፈው እሑድ እማዬ ቡና ስታፈላ እጣኑ ሸተተኝ። ሳቅሽ ይመጣ ይሆናል፣ ግን ስንት ወር ሙሉ ምንም ሸቶኝ አያውቅም ነበር።

እና... አሁን ወደ ጉዳዬ። ሰኞ እመለሳለሁ። ሥራ አስኪያጁን ላናግረው ወስኛለሁ። 11 ሰዓት ተኩል እወጣለሁ፣ ቅዳሜ ግማሽ ቀን ብቻ፣ በለቀቀችው ቦታ ሰው ይቀጠር፣ ማታ ስልክ አልመልስም። በቃ ይህቺው ናት። ክፉ ሰው አይደለም፤ እኔ እንቢ ስል ሰምቶ አያውቅም እንጂ። ግን ፈራሁ። "ካልተመቸሽ በሩ ክፍት ነው" ቢለኝስ? እማዬ አለች፣ የታናሼ የኮሌጅ ክፍያ አለ። ትናንት መስታወት ፊት ተለማመድኩት፣ "11 ሰዓት ተኩል" ላይ ስደርስ ድምፄ ጠፋ።

ሰኞ ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል ላይ ደውይልኝ። ከዚህ ሁሉ ዝምታ በኋላ ይህን መጠየቅ እንደሚያሳፍር አውቃለሁ። ምክር አያስፈልግም። ያቺ ጫማዋን ይዛ በር ላይ የቆመችዋን ልጅ ድምፅ ልስማና ልግባ።

አንቺስ ትተኛለሽ? ከወሊድ ፈቃድ ተመልሰሽ ክፍል ገባሽ ሲሉ ሰማሁ፤ ሌሊት ሕፃን፣ ቀን ስልሳ ተማሪ። "ደህና ነኝ" ብለሽ እንዳታልፊኝ አቦ፣ እውነቱን ንገሪኝ።

ስልኬ ፊቱ ወደ ላይ ሆኖ ይጠብቅሻል።

ያቺው የገንደ ቆሬዋ

ይህን ረስቼ፦ በሚቀጥለው እሑድ ያንን ጣፋጭ፣ ሙሸበክ ይዤ እመጣለሁ። የልጅቷ እግር ስንት ቁጥር ነው? ታይዋን ገበያ ቀይ ጫማ አይቼላታለሁ።