ከሸሪኬ ስለ መለያየት ላነሱልኝ

ይድረስ ለውድ አባቴ፤ ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ ደህና ነኝ።

ባለፈው በስልክ «በሸሪክህ አንጀትህ ከሚያር ለምን ተለይተህ የራስህን የምህንድስና ቢሮ አትከፍትም?» ብለውኝ ነበር። በስልክ የሚያልቅ ስላልመሰለኝ ነው የምጽፍልዎ። አልለይም፣ አባባ።

ሸሪኬ አልበደለኝም። ቅር ባለኝ ቀን ደንበኛው የሕንፃውን ፕላን ዘርግቶ ሸሪኬን «መሐል ላይ የነበሩትን ሁለት ምሰሶዎች ያስወጣህበት ብልሃት ግሩም ነው» አለው። ስሌቱ የእኔ ነበር። ሸሪኬም ወዲያው «ያሰላው እሱ ነው» ብሎ ወደ እኔ ጠቆመ። ደንበኛው ራሱን ነቀነቀልኝና ወሬውን ከእሱ ጋር ቀጠለ። ታዲያ ማንን ልቆጣ? ግን ከዚያ ወዲህ የሸሪኬን ስሌት ሳርም፣ ስህተት ባገኘሁ ቁጥር ደስ ይለኝ ጀመር። እርስ በርስ የምንተራረመው ሕንፃው ሰው ላይ እንዳይወድቅ ነው፤ በዚህ ደስታ መጫወት አይቻልም።

የማላውቀው መሐንዲስ ዓለም ቢያጨበጭብለት ግድ የለኝም። የሚቆረቁረኝ አጠገቤ ተቀምጦ የእኔኑ ሥራ የሚሠራው ነው። እንግዲህ ሸሪክ ብቀይር ቅናቱም አብሮኝ ይሄዳል። ብቻዬን ልሥራ ብል ደግሞ ማን ያርመኛል?

እርስዎ ታሪክ ይወዳሉና አንድ ላጫውትዎ። ዳንኤል ካነማንና አሞስ ትቨርስኪ የሚባሉ የሥነ ልቦና ሊቃውንት ነበሩ። በመጀመሪያው የጋራ ጽሑፋቸው ላይ የማን ስም ይቅደም ሲባል ሳንቲም ወረወሩ፤ ከዚያ በኋላ እየተፈራረቁ ይቀድሙ ነበር። መቼም ከዚህ የበለጠ ፍትሕ የለም። ሙገሳው ግን ወደ ትቨርስኪ አደላ፤ እ.ኤ.አ. በ1984 ማካርተር የሚባለው ታላቅ የአሜሪካ ሽልማት ለእሱ ብቻ ተሰጠ፤ ወዳጅነታቸውም እየሻከረ ሄደ። ትቨርስኪ በ1996 አረፈ። በ2002 ካነማን በጋራ ለሠሩት ሥራ ኖቤል ሲሸለም፣ ኖቤል ለሞተ ሰው ስለማይሰጥ ሸሪኩ አብሮት አልነበረም። ሳንቲሙ የሁለቱን ነገር ዳኘ እንጂ የውጭውን ሰው አፍ አልዳኘም።

እኔም የሸሪኬ ደግነት ብቻ እንደማይበቃ የገባኝ ከዚህ ነው። ቁጭ አልንና የሆዴን ነገርኩት፤ ስህተቱን ሳገኝ ደስ እንደሚለኝ ጭምር። ቀላል አልነበረም። ዝም ብሎ ሰማኝና «ደንበኛ ሲጠይቅህ አንገትህን ደፍተህ ወረቀት የምታገላብጠው አንተ ነህ፤ እኔ ምን ላድርግ?» አለኝ። ተናደድኩ፤ እውነቱን ነው ደግሞ። አሁን ስሌቱን የሠራው ሰው ራሱ ለደንበኛው ያስረዳል፤ ሌላው እስኪጠየቅ አይናገርም። ቅናቱ ጨርሶ ለቀቀኝ አልልዎትም። እርማቱን ግን ከእጄ ሳላወጣ ሁለቴ አነበዋለሁ፤ ለሥራው የማይጠቅም ቃል ካለበት እሰርዘዋለሁ።

የሚቀጥለውን ስብሰባ የምመራው እኔ ነኝ፤ ይጸልዩልኝ። ሸሪኬም ለሰላምታ ሊደውልልዎ ነውና፣ በእኔ ወሬ ተነሥተው ፊት እንዳይነሱት አደራ።

ልጅዎ