ከመንጠቆው በፊት መቅዘፊያው፦ የካያክና የዓሣ ማጥመድ ክበብ የዓመቱ ዘገባ

በመስከረም መጨረሻ ለክበባችን ሊመዘገቡ የመጡት ተማሪዎች አብዛኞቹ ክርና መንጠቆ በኪሳቸው ይዘው ነበር። ባሕር ዳር ተወልዶ ያደገ ልጅ ዓሣ ማጥመድን ከመምህር መማር እንዳለበት አይሰማውም፤ ጣና ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ቀረሶ አውጥቶ የማያውቅ ከመካከላቸው ማግኘት ይከብዳል። ስለዚህ እስከ ኅዳር ድረስ ማንም መንጠቆ እንደማያነሳ ሳስታውቅ ቅሬታው ቀላል አልነበረም። ጥቂቶቹ በዚያው ወደ ሌላ ክበብ ሄዱ። ወላጆችም ዓሣ የማያጠምድ የዓሣ ማጥመድ ክበብ ምን እንደሚሠራ ደጋግመው ጠይቀውኛል። ይህ ዘገባ በአብዛኛው ለእነርሱ የተጻፈ መልስ ነው።

ከዳር ሆኖ ማጥመድና ከጀልባ ላይ ሆኖ ማጥመድ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። ዳር ላይ የቆመ ሰው የሚያስበው ስለ ዓሣው ብቻ ነው። ጀልባ ላይ ያለው ግን ሚዛኑን እየጠበቀ፣ ነፋሱን እያየ፣ መመለሻውን እያሰበ ነው ዓሣውን የሚጠብቀው፤ ዓሣው ሲይዝለት ደግሞ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ይረሳዋል። አደጋ የሚመጣው ያን ጊዜ ነው። ሚዛን መጠበቁና መቅዘፉ ሳያስቡት የሚያደርጉት ልማድ እስኪሆን ድረስ መንጠቆ እጅ ውስጥ መግባት የለበትም ብዬ የማምነው ለዚህ ነው።

ያሉን ጀልባዎች ጥቂት ናቸው። ሁለት ካያኮችን፣ ማለትም ባለ ሁለት አፍ መቅዘፊያ የሚቀዘፉ ትንንሽ ጀልባዎችን፣ በሐይቁ ዳር የሚገኝ አንድ ሎጅ በውሰት ሰጥቶናል። አንድ የደንገል ታንኳ ደግሞ የተማሪያችን አያት ሠርተው አበርክተውልናል። ካያኮቹ ሰው ከላይ የሚቀመጥባቸው ዓይነት ናቸው። እግርን ወደ ውስጥ አስገብተው የሚቀመጡባቸው ጠባብ ካያኮች ፈጣን ቢሆኑም ለጀማሪ አጥማጅ አይመቹም፤ ሲገለበጡ መውጣቱም ሆነ የገባውን ውሃ መቅዳቱ ብዙ ልምምድ ይጠይቃል። የእኛዎቹ ሰፋፊ ስለሆኑ ዝግ ይላሉ። ነገር ግን ውስጣቸው አየር የታሸገበት ነው፤ ላያቸው ላይ የወጣው ውሃም መቀመጫው አጠገብ ባሉት ቀዳዳዎች ተመልሶ ይወርዳል።

የመጀመሪያው ትምህርታችን መውደቅ ነበር። ሎጁ የመዋኛ ገንዳውን ቅዳሜ ጠዋት ስለፈቀደልን አንዱን ካያክ ገንዳው ውስጥ አስገብተን ተማሪዎቹ ሆን ብለው እንዲገለብጡት አደረግን። በሐይቁ ያላደረግነው ብልሃርዚያን ስለፈራን ነው። በሽታውን የሚያስተላልፉት ቀንድ አውጣዎች የሚኖሩት ሣር በበዛበት፣ ጥልቀት በሌለው የዳር ውሃ ውስጥ ነው፤ ጀማሪ ደግሞ ረጅም ሰዓት የሚቆመው እዚያው ነው።

የተገለበጠ ካያክ ላይ መልሶ መውጣት ከጉልበት ይልቅ ቅደም ተከተል ይፈልጋል። ከሁሉ በፊት ጀልባውን አለመልቀቅ። ከዚያ ከጎኑ ሆኖ የወዲያኛውን ጠርዝ ወደ ራስ በመሳብ ማቃናት። ቀጥሎ ሁለቱን እጆች መሐሉ ላይ አድርጎ፣ እግሮችን ከኋላ ወደ ውሃው ገጽ አንሳፎ ውሃውን እየመቱ ደረትን በጀልባው ላይ አግድም መጣል። ሆድ መቀመጫው ላይ ሲደርስ ዞር ብሎ መቀመጥ፤ እግር የሚገባው በመጨረሻ ነው። ጀማሪ ሁሉ የሚሳሳተው እግሩን ወደ ታች አንጠልጥሎ በክንዱ ብቻ ሊወጣ ሲሞክር ነው፤ ጀልባው ተመልሶ በላዩ ይገለበጣል። አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪያችን ከዚህ ዓመት በፊት ከጉልበቷ በላይ ውሃ ውስጥ ገብታ አታውቅም ነበር። በመጀመሪያው ቅዳሜ የገንዳውን ጠርዝ አልለቅም ብላ አረፈደች። ታኅሣሥ ላይ ግን ዘግይተው ለገቡት ተማሪዎች አወጣጡን የምታሳየው እርሷ ነበረች። በዓመቱ ውስጥ ከተያዘው ዓሣ ሁሉ ይልቅ ይህ አስደስቶኛል።

የሕይወት አድን ጃኬትን በተመለከተ ሕጋችን አጭር ነው። እጅ ጀልባውን ከመንካቱ በፊት ጃኬቱ ተለብሶ፣ ማሰሪያዎቹ ሁሉ ተቆልፈው መገኘት አለባቸው። ጓደኛ ከኋላ ቆሞ ጃኬቱን በትከሻው በኩል ወደ ላይ ይስበዋል፤ አገጭ ድረስ ከወጣ ልል ነው፣ እንደገና ይጠብቃል። ዋና እችላለሁ የሚል ተማሪ ከዚህ ነፃ አይሆንም። ጀልባው ላይ አስቀምጬው ሲያስፈልግ እለብሳለሁ የሚልም እንዲሁ፤ ውሃ ውስጥ ሆኖ ጃኬት መልበስ ምን ያህል እንደሚያስቸግር ሁሉም በገንዳው ሞክሮ አይቶታል።

ቀዘፋውን ያስተማሩን በአብዛኛው ታንኳውን የሠሩልን አያት ናቸው። ልጆቹ አባባ ይሏቸዋል። ከነገደ ወይጦ ማኅበረሰብ ሲሆኑ ደንገል ማጨድና ታንኳ ማሰር ከአባታቸው የወረሱት ሙያ ነው። ታንኳ በረጅም የቀርከሃ ዘንግ ግራና ቀኝ እየተፈራረቀ እንደሚቀዘፍ የጣና ዳር ሰው ያውቃል፤ የካያክ መቅዘፊያም ሁለት አፍ ኖሮት በዚያው ሥርዓት ይሠራል። አባባ ካያክ ላይ ተቀምጠው ባያውቁም የልጆቹን ስሕተት ከዳር ሆነው ለይተውታል። ልጆቹ የሚቀዝፉት በክንዳቸው ብቻ ነበር። ጉልበቱ የሚመጣው ከወገብና ከጀርባ መሆኑን፣ ክንድ ዘንጉን ከመያዝ ያለፈ ብዙ ሥራ እንደሌለው፣ ታንኳው ላይ ራሳቸው ወጥተው አሳዩአቸው። ከዚያን ቀን ወዲህ ትከሻዬን አመመኝ የሚል ተማሪ ቀንሷል። ደንገሉ ከዓመት ዓመት እየራቀ እንደሄደና ለአንድ ታንኳ የሚበቃ ለማጨድ ብዙ መጓዝ ግድ እንደሆነም ነግረውናል፤ ይህን ጉዳይ የአካባቢ ጥበቃ ክበብ ቢይዘው እወዳለሁ።

የጂኦግራፊ መምህር ስለሆንኩ ነፋሱን ለሌላ ሰው አልተውኩትም። ሌሊት የብሱ ከሐይቁ ቀድሞ ይቀዘቅዛል፤ ስለዚህ ማለዳ ላይ ቀስ ያለ ነፋስ ከየብስ ወደ ሐይቁ ይነፍሳል። ቀን የብሱ ቀድሞ ይሞቅና ነፋሱ አቅጣጫውን ለውጦ ከሐይቁ ወደ የብስ ይመጣል። ባሕር ዳር በጣና ደቡባዊ ዳርቻ ስለምትገኝ የከሰዓቱ ነፋስ ሰፊውን ሐይቅ አቋርጦ ነው የሚደርሰን፤ ጣና ደግሞ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ስፋት አለው። ነፋስ በሰፊ ውሃ ላይ ረጅም መንገድ ሲጓዝ ማዕበሉን እያሳደገ ይመጣል። የሐይቁ ጥልቀት በጣም ጥልቅ በሚባለው ቦታ እንኳን ከ14 ሜትር ብዙ አይበልጥም፤ ጥልቀት በሌለው ውሃ ማዕበሉ አጭርና ተደጋጋሚ ይሆናል። ለትልቅ ጀልባ ምንም ያልሆነው ይህ ማዕበል ካያክን ያንገላታል።

ጀማሪን የሚያታልለው ግን የከሰዓቱ ሳይሆን የማለዳው ነፋስ ነው። ውሃው መስተዋት ይመስላል፣ ጀርባ ላይ የሚሰማው ነፋስ ደስ ይላል፣ ጀልባው ያለ ቀዘፋ ይሄዳል። ዞር ሲሉ ዳሩ ርቋል፤ መመለሻው በሙሉ ከነፋሱ ጋር ትግል ነው። ስለዚህ ማለዳ ወደ መሐል መውጣትን ከልክለን ዳርቻውን ተከትለን እንሄዳለን፤ ግማሽ ጉልበታችን ሳያልቅ እንመለሳለን። በየጊዜው መቅዘፉን አቁሞ ዳር ላይ ያለን አንድ ዛፍ ማየት፣ ጀልባው በራሱ ወዴት እየሄደ እንደሆነ መለካት፣ የሁሉም ተማሪ ግዴታ ነው።

ቀደም ብለን ለምን አንወጣም የሚሉም ነበሩ። ምክንያቱ ጉማሬ ነው። ጉማሬ ሌሊት ሣር ሲግጥ ያድርና ጎሕ ሲቀድ ወደ ውሃው ይመለሳል፤ በእርሱና በውሃው መካከል የተገኘ ሰው ለከባድ አደጋ ይጋለጣል። በመሆኑም የምንወጣው ፀሐይ ከፍ ካለች በኋላ ሲሆን ነፋሱ ከመነሳቱ በፊት እንገባለን። ዓባይ ከሐይቁ ወደሚወጣበት ወደ ደብረ ማርያም በኩል፣ እንዲሁም ደንገል ጥቅጥቅ ወዳለበት አንቀርብም።

መንጠቆው ኅዳር ላይ ተፈቀደ። ተማሪዎቹ መጀመሪያ ያላቸውን ሁሉ ጀልባው ላይ ጭነው መጡ፤ ሁለት የማጥመጃ ዘንግ፣ ባልዲ፣ ቦርሳ፣ ምሳ ጭምር። ግማሹን አስወረድናቸው። ለጀማሪ አንድ አጭር ዘንግ፣ ፒንሳ፣ ክር መቁረጫ ቢላዋ፣ ፊሽካና የመጠጥ ውሃ ይበቃዋል፤ ከቢላዋው በስተቀር ሁሉም በገመድ ከጀልባው ጋር ይታሰራል፣ ቢላዋው በሰገባው ሆኖ ጃኬቱ ላይ ይውላል። የመንጠቆውን ወደ ኋላ የዞረች ሹል በፒንሳ ተጭነን እናስተኛታለን። ዓሣው ሊያመልጥ ይችላል፣ ነገር ግን በጠባብ ጀልባ ላይ እጅ ውስጥ የገባ መንጠቆ በቀላሉ ይወጣል፤ የሚለቀቀው ዓሣም ብዙ አይጎዳም። መልሕቅ የሚታሰረው ከፊት ወይም ከኋላ ጫፍ ነው፤ ከጎን የታሰረ መልሕቅ ማዕበል ሲመጣ ጀልባውን ጎትቶ ይገለብጣል።

ቀረሶ ሣርና ቄጠማ ባለበት ዳርቻ ስለሚገኝ ለጀማሪ ተስማሚ ነው፤ በመሬት ትል በደንብ ይያዛል። የጀርባው እሾህ ይወጋል፤ ስለዚህ እጅን ከራሱ ወደ ኋላ እያሻሹ እሾሁን አስተኝቶ መያዝ ያስፈልጋል። አምባዛ ሌላ ፈተና ነው። ከታች ነው የሚውለው፣ ከባድ ነው፣ በጎንና ጎኑ ያሉት ክንፎቹም ጠንካራ እሾህ አላቸው። በሚያዝያ አንድ የ11ኛ ክፍል ተማሪ አምባዛ ያዘለት። ዓሣው ከጀልባው ሥር ሲገባበት ተማሪው ክሩን ተከትሎ ወደ ጎን አጎነበሰ፤ ራሱ ከጠርዙ ባለፈበት ቅጽበት ካያኩ ተገለበጠ። እኔ በሞተር ጀልባ ከአጠገባቸው ነበርኩ፤ ልደርስለት ስዞር እርሱ ካያኩን አቃንቶ ደረቱን ጥሎበታል። ዘንጉም መቅዘፊያውም ታስረው ስለነበር አልጠፉም። ዓሣው ሄዷል። ራስ ከጀልባው ጠርዝ ካለፈ ሰውነትም ይከተለዋል የሚለውን ከገንዳው ጀምሮ ስንነግራቸው ቆይተናል፤ ከዚያን ቀን በኋላ ግን ዓሣ ከጀልባ ሥር ሲገባ ዘንጉን በፊት ጫፍ በኩል አዙሮ ማሳለፍን ማንም አልዘነጋውም።

በግንቦት ደግሞ አንዲት ቀረሶ ስትወጣ አፏ ውስጥ ብጫ እንቁላል ሞልቶ ተገኘ። የቀረሶ እናት እንቁላሏን በአፏ ይዛ ታስፈለፍላለች፤ ጫጩቶቹም ከተፈለፈሉ በኋላ አደጋ ሲያዩ ወደዚያው ይመለሳሉ። ይህን በባዮሎጂ ክፍል የተማሩት ልጆች እንኳን በዓይናቸው ሲያዩት ዝም አሉ። ከእጃቸው ሳትወጣ ውሃው ውስጥ እንዳለች መንጠቆውን ፈትተው ለቀቋት። እንዲህ ያለች ዓሣ እንድትለቀቅ ተማሪዎቹ ራሳቸው ሐሳብ አቅርበው የክበቡ ሕግ አድርገውታል።

ነጭ ዓሣን የሞከሩት ልምድ ያላቸው ጥቂቶች ናቸው። እየቀዘፉ ከኋላ የሚያብረቀርቅ ማባበያ መጎተት ነው ስልቱ፤ ከነጭ ዓሣዎቹ መካከል ሌሎች ዓሦችን እያደኑ የሚበሉ አሉና። ተማሪዎቹ ማወቅ ያለባቸው ትልቅ ነገር ግን ከማጥመዱ ይበልጣል። በጣና ውስጥ በዓለም ላይ በሌላ ቦታ የማይገኙ 15 ያህል የነጭ ዓሣ ዝርያዎች አሉ። ብዙዎቹ በክረምት እንደ ጉማራ፣ ርብና ግልገል ዓባይ ወዳሉ ገባር ወንዞች ወጥተው ነው የሚራቡት። በዚያ ወቅት የወንዝ አፍ ላይ መረብ መዘርጋት ማለት የሚቀጥለውን ትውልድ ከእናቱ ጋር አብሮ ማውጣት ነው። ሐይቁ በ2015 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ ተመዝግቧል፤ ዓሣውን የሚጠብቀው ግን የሚያጠምደው ሰው ነው። ክበባችን በክረምት ሙሉ በሙሉ ይዘጋል፤ ተማሪዎቹም በግላቸው ከወንዝ አፍ ላለማጥመድ ቃል ገብተዋል። ከእያንዳንዱ ጉዞ በኋላም የጀልባውን ቀዳዳዎችና የመልሕቁን ገመድ ፈትሸን የእምቦጭ ቁራጭ ካገኘን ከውሃው አርቀን እናደርቀዋለን፤ አረሙ ከትንሽ ቁራጭ እንደገና ይበቅላልና።

የተያዘው ዓሣ ለተማሪዎቹ ቤት ነው የሄደው፤ በጾም ወቅት አንዳንድ እናቶች የላኩልኝን ምስጋና ለልጆቹ አድርሻለሁ።

ለሚቀጥለው ዓመት ከሁሉ በላይ የሚያስፈልገን ለትንንሽ ልጆች ልክ የሆነ የሕይወት አድን ጃኬት ነው። ያሉን ለአዋቂ የተሠሩ ስለሆኑ ከ9ኛ ክፍል በታች ያሉ ተማሪዎችን ዘንድሮ መቀበል አልቻልንም፤ ፍላጎቱ ግን ከእነርሱ ዘንድ ይበረታል። ሊያግዙን የሚፈልጉ ወላጆች የተማሪዎች ጉዳይ ቢሮን ያነጋግሩ። አዲስ ተመዝጋቢ የወላጅ የጽሑፍ ፈቃድና የብልሃርዚያ ምርመራ ውጤት ይዞ ይመጣል። ዋና አለመቻል አያስቀርም፤ የገንዳው ትምህርት በጥቅምት የመጀመሪያ ቅዳሜ ይጀመራል፤ ያመለጠው ተማሪ ጀልባ ላይ አይወጣም።