ፎቶው ላይ ጥግ የቆመው ሰውዬ ማነው?

ይድረስ ለአዘጋጁ፤

ባለፈው የሙዚቃ ገጻችሁ ላይ ስለ ሮክ ባንዶች ያወጣችሁትን ጽሑፍ ቁጭ ብዬ ሁለቴ አነበብኩት። ሁለቴ ያነበብኩት ስለጣመኝ ብቻ አይደለም፣ የቤዝ (ወፍራሙን፣ የታችኛውን ድምፅ የሚያወጣው ጊታር) ተጫዋቹ ስም አምልጦኝ ይሆን እንዴ ብዬ ነው። አላመለጠኝም፣ የለም። ዘፋኙ አለ፣ ጊታሪስቱ አለ፣ ድራመሩም ዕቃ ስለሚሰብር መሰለኝ አንድ መስመር ደርሶታል፣ ቤዙን የተጫወተው ሰውዬ ግን ፎቶው ላይ ጥግ ይዞ ቆሟል እንጂ ስም የለውም።

አውቃለሁ፣ "ቤዝ እኮ አይሰማም" ልትሉኝ ነው። ግማሹ ጥፋት የስልካችን ነው። የባለ አራት ክር ቤዝ ወፍራሟ ክር ባዶዋን ስትመታ ድምጿ 41 ኸርዝ (በሰከንድ 41 ንዝረት) አካባቢ ነው፣ የስልክ ስፒከር ደግሞ እዛ ድረስ መውረድ አይሆንለትም፣ ስለዚ ጆሯችን ከላይ ከላይ ያሉትን ድምፆች እየሰማ የታችኛውን በግምት ይሞላዋል። ቢያንስ ደህና ኢርፎን ሰክታችሁ ስሙት። ሌላው ግማሽ ግን የሰው ሥራ ነው። ሜታሊካ በ1988 ባወጡት (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው) "ኤንድ ጀስቲስ ፎር ኦል" አልበም ላይ ጄሰን ኒውስተድ ቤዙን ተጫውቷል፣ ሚክስ ሲደረግ (የተቀረፁት ድምፆች ሲቀላቀሉ) ግን የቤዙን ድምፅ እንዲ አውርደው አውርደው ይኸው እስከ ዛሬ ሰው ጆሮውን ለጥፎ ይፈልገዋል። ልጁ ያኔ አዲስ ገቢ ነው፣ የገባውም በ1986 ስዊድን ውስጥ በአውቶቡስ አደጋ የሞተውን ክሊፍ በርተንን ተክቶ ነው፣ ክሊፍ ማለት ደግሞ በባንዱ የመጀመሪያ አልበም ላይ ለቤዝ ሶሎ ብቻ አንድ ሙሉ ትራክ የተሰጠው ሰው ነው። እንዲህ ያለ ሰው ተክቶ ገብቶ በመጀመሪያ ሙሉ አልበሙ ድምፁ ሲጠፋበት አስቡት።

ቤዝን በነፃነት ሲለቁት ምን እንደሚሆን ማየት የፈለገ የዘ ሁ ባንድን "ማይ ጄኔሬሽን" ይስማ፣ የ1965 ነው። የጊታር ሶሎ ይገባል ብላችሁ የምትጠብቁበት ቦታ ላይ ጆን ኤንትዊስል ቤዙን ይዞ ይገባል። ይሄ ሰውዬ መድረክ ላይ ፒት ታውንሼንድ ጊታር ሲሰባብር፣ ኪት ሙን ድራሙን ሲገለብጥ፣ ሮጀር ዳልትሪ ማይኩን በገመዱ ሲያወናጭፍ እሱ እንደ ሐውልት ቀጥ ብሎ ይቆም ነበር፣ የሚንቀሳቀሱት ጣቶቹ ብቻ ነበሩ፣ ግን ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ስትሰሙት ከሁሉም በላይ የሚሮጠው እሱ ነው። ብላክ ሳባዝም ያው ነው፣ ሁሉም ዘፋኙን ኦዚንና ጊታሪስቱን ቶኒ አዮሚን ያውቃል፣ አብዛኛውን ግጥም የጻፈው ግን ቤዝ ተጫዋቹ ጊዘር በትለር መሆኑን ስንቱ ያውቃል? ኦዚ ይዘፍን የነበረው የሱን ቃል ነው እኮ።

እኔ ግን ከሁሉ የምወደው የፒተር ሁክን ነገር ነው። ጆይ ዲቪዥን የተባለውን ባንድ ሲጀምሩ የቤዚስቱ የሁክ አምፕ (ድምፅ ማጉያው) የማይረባ ነበር፣ የበርናርድ ሰምነር ጊታር ደግሞ ይጮሃል፣ ታች ታቹን ሲጫወት ራሱን መስማት አቃተው። ምን አረገ፣ እጁን ወደ ቤዙ ሆድ አስጠግቶ ቀጫጭን ድምፅ የሚወጣበት ቦታ ሄደና እዛው ቀረ። በ1979 የወጣውን "ሺዝ ሎስት ኮንትሮል" ስሙት፣ ዘፈኑን ይዞ የሚሄደው ያ ዜማ የቤዝ ነው፣ ብዙ ሰው ግን ጊታር ይመስለዋል። የኔ ንዴትም እዚህ ጋ ነው፣ ቤዚስቱ ዝም ብሎ ሥሩን ሲይዝ "አይሰማም" ይባላል፣ ዜማ ሲፈጥር ደግሞ ምስጋናው ለጊታሪስቱ ይሄዳል፣ ታዲያ ምን ይሁን?

ምስጋናው ብቻ ቢሆን ይሁን ነበር። ዘ ስሚዝስ የሚባለው ባንድ ሲነሳ ዘፋኙ ሞሪሲና ጊታሪስቱ ጆኒ ማር ይነሳሉ፣ ተገቢ ነው፣ ዘፈኖቹን የጻፉት እነሱ ናቸው። ነገር ግን ከቀረፃና ከኮንሰርት የሚመጣውን ገንዘብ ሲካፈሉ ሁለቱ 40፣ 40 ፐርሰንት ወስደው ቤዚስቱ አንዲ ሩርክና ድራመሩ ማይክ ጆይስ 10፣ 10 ነበር የሚደርሳቸው። ጆይስ ፍርድ ቤት ድረስ ሄዶ በ1996 እኩል 25 ፐርሰንት ይገባዋል ተባለለት፣ ሩርክ ግን ቀደም ብሎ በስምምነት ትንሽ ነገር ተቀብሎ ትቶት ነበር። በ2023 አረፈ፣ ነፍሱን ይማረውና "ባርባሪዝም ቢጊንስ አት ሆም"ን ክፈቱና ወደ ሰባት ደቂቃ ገደማ ያለ መታከት የሚሠራውን ስሙ፣ ያ የ10 ፐርሰንት ሥራ ነው? ለኔ ሰውዬው ቤዙን ሁለተኛ ዘፋኝ ነው ያረገው።

ስማቸው ጭራሽ ያልተጻፈ የስቱዲዮ ሰዎችም አሉ። ካሮል ኬይ ጊታሪስት ነበረች፣ አንድ ቀን ቤዝ ተጫዋቹ ለቀረፃ ሳይመጣ ቀረና ቤዙን አነሳችው፣ ከዛ በኋላ የቢች ቦይስን "ፔት ሳውንድስ" ጨምሮ ስንቱ አልበም ላይ በፒክ (በክር መምቻ) እየመታች ተጫወተች። በ2025 የሮክ ታላላቆችን የሚያከብረው ሮክ ኤንድ ሮል ሆል ኦፍ ፌም እናክብርሽ ሲላት አልፈልግም አለች። እኔ አልፈርድባትም!

አንድ የሚያስቅ ነገር ልጨምርና ላብቃ። በ2003 የወጣውን "ሰቨን ኔሽን አርሚ"ን ኳስ ሜዳ ሳይቀር ሕዝብ በአፉ ይለዋል፣ "ምን ዓይነት ቤዝ ነው!" የሚል ሰውም ሞልቷል። ዘፈኑን የሠሩት ዋይት ስትራይፕስ ሁለት ሰው ነበሩ፣ ጃክ ዋይትና ሜግ ዋይት፣ ቤዚስት አልነበራቸውም፣ ጃክ የጊታሩን ድምፅ በፔዳል (በእግር በሚረገጥ የድምፅ መለወጫ) አንድ ኦክታቭ ወደ ታች አውርዶት ነው። ያን ቤዚስት ማድነቅ ማለት ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው። ይታያችሁ፣ ቤዝ በስንት ዘመኑ ስታዲየም ሙሉ ሰው ዘመረልኝ ሲል ቤዝ ያልሆነ ነገር ሆኖ ተገኘ።

እና የምጠይቃችሁ ትንሽ ነው፣ ስለ አንድ አልበም ስትጽፉ ቤዙን ማን እንደተጫወተው ጨምሩበት፣ ስሙን ብቻ፣ ቦታ አይፈጅም። ያንን ፎቶ ላይ ጥግ የቆመውን ሰውዬም በሚቀጥለው እትም ማን እንደሆነ ብትነግሩን።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ አንባቢያችሁ (አዎ፣ ቤዝ እጫወታለሁ)